ካርትሪጅ ወይስ ዲስክ? የቆዩ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ለመግዛትና ለማስቀመጥ የንጽጽር መመሪያ

የቆዩ የቪዲዮ ጨዋታዎችን መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ጨዋታ እንደሚሻል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከራስ ትዝታ የበለጠ ዳኛ ስለሌለ እዚህ አንገባበትም። ኪስንና መደርደሪያን የሚነካው ሌላው ጥያቄ ነው። ያው ጨዋታ በካርትሪጅም (ቺፕ የያዘ፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ ዕቃ)፣ በዲስክም፣ ከኢንተርኔት በማውረድም ሊገኝ ይችላል፤ ብቻውን ይሸጣል፣ ከነሣጥኑና ከነመመሪያው ይሸጣል፣ ከፋብሪካ እንደወጣ እንደታሸገም ይሸጣል፤ በጥንቱ ኮንሶል፣ ማለት በጥንቱ የጨዋታ ማሽን፣ ይጫወቱታል፣ በአዲስ መሣሪያም ይጫወቱታል። ታዲያ በየትኛው መልኩ ይያዝ?

እዚህ ሁሉም አማራጭ የሚመዘነው በአንድ ሚዛን ነው፦ ከዕቃው ቀድሞ የሚሞተው የትኛው ክፍል ነው? ሲሞትስ ይተካል ወይስ ዕቃውን ይዞት ይሄዳል? ብርቅነት፣ መልክና የገበያ ዋጋ ከዚህ በኋላ ቢታዩ ይሻላል፤ ሠላሳ ዓመት የኖረ ዕቃ ሲገዛ የሚከፈለው ለቀረው ዕድሜው ነውና። ደግነቱ፣ በዚህ መስክ ጨዋታው ራሱ ቀድሞ ሲጠፋ እምብዛም አይታይም። ቀድመው የሚሄዱት ባትሪው፣ ጎማው፣ ሌዘሩ፣ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያቆየው ትንሽ የሰሌዳ ክፍል) እና ካርቶኑ ናቸው።

ካርትሪጅ

በ1983 ጃፓን ውስጥ የወጣው የኒንቴንዶው ፋሚኮም፣ የምዕራቡ ዓለም አቻው ኤንኢኤስ፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ የሴጋው ሜጋ ድራይቭ፣ በእጅ የሚያዘው ጌም ቦይና ኒንቴንዶ 64 ሁሉም በካርትሪጅ የሚሠሩ ናቸው (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ካርትሪጆች ውስጥ ጨዋታውን የሚይዘው ማስክ ሮም የተባለ ቺፕ ነው። መረጃው ቺፑ በፋብሪካ ሲሠራ የአካሉ ክፍል ሆኖ ስለሚቀረጽ እንደ ቴፕ የሚደበዝዝ ነገር የለውም፤ የሚሽከረከርና የሚፋተግ ክፍልም የለውም። ስለዚህ የአርባ ዓመት ካርትሪጅ ዛሬም ምስል ሲያወጣ ማየት ብርቅ አይደለም። «አልሠራም» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ካርትሪጅ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የቆሸሸ መገናኛ ጥርስ ነው። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክሮ ጥርሶቹን መጥረግ፣ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መደጋገም፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ ነው፤ አብዛኛው ይድናል።

በአፍ መንፋት ግን ማከም አይደለም። ከትንፋሽ ጋር የሚወጣው እርጥበት ጥርሶቹን ያዝጋል፤ ኒንቴንዶ ራሱም እንዳይደረግ ያሳስብ ነበር። መንፋቱ የሠራ ይመስል የነበረው ካርትሪጁን አውጥቶ መልሶ መክተት በራሱ መገናኛውን ስለሚያስተካክል ነው። በኤንኢኤስ ላይ ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኮንሶሉ ነው። ከፊት ገብቶ ወደ ታች የሚጫነው ካርትሪጅ ባለ 72 ጥርሱን ማገናኛ እያደር ያላላዋል፤ ግንኙነቱ ሲላላ የተፈቀደ ካርትሪጅ መግባቱን የሚያጣራው ቺፕ ኮንሶሉን ደጋግሞ ያስነሣዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። ማገናኛው ይተካል፤ ካርትሪጁን የሚከስ ሰው ግን በከንቱ ይከስሰዋል።

የካርትሪጅ እውነተኛ ደካማ ጎን ባትሪው ነው። ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚያስቀምጡ ብዙ ካርትሪጆች መረጃውን የሚይዙት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሁሉን በሚረሳ ቺፕ ላይ ሲሆን፣ እንዳይረሳ የሚያደርገው በውስጡ ያለ ክብ የሰዓት ባትሪ ነው። በትልልቆቹ ካርትሪጆች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ይገኛል፤ በጌም ቦይ ካርትሪጆች ውስጥ ሲአር1616 ወይም ሲአር2025። ባትሪው ሲያልቅ የሚጠፋው የተቀመጠው ሂደት እንጂ ጨዋታው አይደለም። በ1999 ጃፓን ውስጥ የወጡት ፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር የቀንና የሌሊት ሰዓት የሚቆጥሩት በዚያው ባትሪ በመሆኑ ከቀደሙት ቶሎ ይጨርሱታል። በአንጻሩ የጌም ቦይ አድቫንሱ ፖኬሞን ሩቢ የተጫዋቹን ሂደት የሚያስቀምጠው ያለ ባትሪ በሚሠራ ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ፣ ባትሪው ሲያልቅ የሚቆመው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ከዚህ ለገዢ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ሻጩን «ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «የደረሱበትን ያስቀምጣል? ባትሪው ተቀይሯል? በምን ተያያዘ?» ማለት ያስፈልጋል። የፋብሪካው ባትሪ በሁለት ምላሶች ተበይዶ ስለሚገኝ አዲሱም በምላስ መበየድ አለበት። በፕላስተር ተጣብቆ የመጣ ባትሪ ካርትሪጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የልጅነት ጀግናዎን ሊረሳው ይችላል። ባትሪው ሲወጣ በውስጡ ያለው ሂደትም አብሮ ስለሚጠፋ፣ የቀድሞው ባለቤት ታሪክ ደስ የሚልዎት ከሆነ አስቀድሞ በማንበቢያ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ይቻላል።

ዲስክ

በታኅሣሥ 1994 የወጣው ፕሌይስቴሽን፣ ከእርሱ ጥቂት ቀናት የቀደመው ሴጋ ሳተርን፣ በ1998 የመጣው ድሪምካስት፣ ከዚያም ፕሌይስቴሽን 2 እና ጌምኪዩብ ጨዋታን ወደ ዲስክ አሻገሩት። ዲስክ ለማምረት ርካሽ ነበር፤ ብዙ መረጃም ይይዛል። የገበያው ውጤት እስከ ዛሬ ይታያል፦ ብዙ ቅጂ የተሸጠለት የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ ለጀማሪ ሰብሳቢ ከሁሉ ቀላሉ መግቢያ ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ኮንሶሎች የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ዲስኮች ስለሚቀበሉ ሁለት ዘመን በአንድ ዕቃ ይገኛል፤ ቦታ ለሚጠበው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዲስክ ሲገዙ ሁሉም ሰው የሚያየው የሚያብለጨልጨውን ጎን ነው። በሲዲ ላይ ግን ይበልጥ መፈራት ያለበት ሥዕሉ ያለበት ጎን ነው። ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ መረጃውን የያዘው ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ ያለው ከላይ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ በቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ተሸፍኖ ነው። በታች በኩል ያለ ጭረት ፕላስቲኩን ብቻ ስለሚነካ በማለስለሻ መሣሪያ ሊጠፋ ይችላል። በላይ በኩል ያለ ጭረት ግን መረጃውን ይዞት ይሄዳል፤ የሚመልሰው የለም። ዲስኩን ወደ መብራት ከፍ አድርገው ይመልከቱት፤ ብርሃን የሚያሾልክ ነጥብ ካለ ንጣፉ ተበልቷል ማለት ነው። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፦ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው መረጃውን መሐል ስለሚያደርጉት ከላይ ያለ ጭረት ወዲያው አይገድለውም። ማጣበቂያው መልቀቁና መሐል ቀዳዳው አካባቢ መሰንጠቁ ግን የእርሱ በሽታ ነው። ከማቀፊያው ሲያወጡ መሐሉን ተጭነው እንጂ ጠርዙን ጎትተው አይሁን።

ሰብሳቢዎች የዲስክ ዝገት የሚሉት ነገር አለ። አየርና እርጥበት ወደ አሉሚኒየሙ ሲገቡ ንጣፉ ኦክሳይድ ይሆንና መንጸባረቅ ያቆማል፤ ሌዘሩም ማንበብ ያቅተዋል። በሁሉም ዲስክ ላይ አይደርስም፤ በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ዲስክ ብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። የደረሰበት ግን አይድንም። በቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ዲስክ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ በመሆኑ በፋብሪካ ከታተመው ይልቅ ደካማ ነው።

የዲስክ ኮንሶሎችም ከካርትሪጅ ኮንሶሎች ይልቅ ታካሚዎች ናቸው። ሌዘሩ ይደክማል፣ ሐዲዱ ይበላል፣ ጎማው ይላላል። በመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ሌዘሩን የሚሸከመው የፕላስቲክ ክፍል በሙቀትና በመፋተግ ስለሚያዘነብል፣ በዚያ ዘመን ብዙ ተጫዋች ኮንሶሉን ገልብጦ ነበር የሚጫወተው። የዲስኩን ማንበቢያ አስወግዶ ጨዋታውን ከሜሞሪ ካርድ የሚያነብ ምትክ ዛሬ ለብዙ ኮንሶሎች ይሸጣል። የደከመ ሌዘር ላለው ድሪምካስት ወይም ሳተርን ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ዲስኩም መደርደሪያው ላይ ያርፋል።

ፍርዱን ልስጥ። ያለ ብዙ ጥንቃቄ ረጅም ዕድሜ ለሚፈልግ ካርትሪጅ ይበልጣል፦ የሚሞተው ባትሪ ይተካል፣ የቆሸሸው ጥርስ ይጠረጋል። ዲስክን የሚመርጥ ሰው ከግዢው ጋር ሁለት ሥራ አብሮ መግዛቱን ይወቅ፤ ዲስኩን በየጊዜው መፈተሽና ይዘቱን መቅዳት። ፋሚኮም ዲስክ ሲስተምን የመሰሉ፣ በማግኔት ዲስክና በሚቀልጥ የጎማ ቀበቶ የሚሠሩ ዕቃዎች ደግሞ ካቻቢቴ ይዞ መዋል ለሚወድ ሰው ይቅሩ።

በእጅ የሚያዝ ወይስ የሚወርድ?

የማውረጃ መደብሮች ሲዘጉ ምን እንደሚሆን ከእንግዲህ መገመት አያስፈልግም። የኒንቴንዶው ዊ ኮንሶል መደብር ጥር 30 ቀን 2019 ተዘጋ። የዚያው ኩባንያ የ3ዲኤስና የዊ ዩ ኮንሶሎች መደብር በመጋቢት 27 ቀን 2023 መሸጥ አቆመ። የኤክስቦክስ 360 መደብር ሐምሌ 29 ቀን 2024 ተከተለ። በዲስክ ወይም በካርትሪጅ ያልታተሙ፣ በእነዚያ መደብሮች ብቻ የነበሩ ጨዋታዎች አሉ፤ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛቸው የለም። ኮናሚ በ2014 ለፕሌይስቴሽን 4 በነጻ የለቀቀው ፒ.ቲ. የተባለ አጭር አስፈሪ ጨዋታ በ2015 ከመደብሩ ሲነሣ፣ ጨዋታውን የጫኑ ኮንሶሎች በውድ ይሸጡ ጀመር። አሜሪካ ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት ደግሞ በዚያች አገር ከ2010 በፊት ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም።

ይህ ማለት ግን የታተመ ሁሉ በእጅ አለ ማለት አይደለም። ከ2010ሮቹ ጀምሮ የወጡ ብዙ ዲስኮች ላይ ያለው የጨዋታው ያልተጠናቀቀ ቅጂ ነው፤ ማስተካከያው ከኢንተርኔት ይወርዳል። በ2025 ከኒንቴንዶው ስዊች 2 ኮንሶል ጋር የመጣው የቁልፍ ካርድ ደግሞ ጭራሹን ጨዋታ የለበትም፤ የማውረድ ፈቃድ ብቻ ነው የያዘው። ሣጥኑ ላይ ይህን የሚገልጽ ምልክት አለ። እንዲህ ያለውን ካርድ መደርደሪያ ላይ የሚያኖር ሰው የሚያኖረው ሣጥን መሆኑን አውቆ ይግዛ።

መጫወት ብቻ ለሚፈልግ ማውረድ ምንም ነውር የለበትም። ከዘመኑ ኮንሶል ጋር የሚሠሩ የቆዩ ጨዋታዎች ስብስብ ርካሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ አይዝግም። እንደ ስብስብ ግን አይቆጠርም፤ ሊሸጡት፣ ሊያውሱት ወይም ሊያወርሱት የማይችሉት ነገር የእርስዎ ንብረት መሆኑ አጠራጣሪ ነው።

ብቻውን፣ ከነሣጥኑ፣ ወይስ እንደታሸገ?

በገበያ ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ብቻውን ያለ ካርትሪጅ ወይም ዲስክ፤ ከነሣጥኑና ከነመመሪያው የተሟላ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተከፈተ። በሦስቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ካርቶን ነው። የኤንኢኤስ፣ የሱፐር ኒንቴንዶ፣ የጌም ቦይና የኒንቴንዶ 64 ሣጥኖች ከስስ ካርቶን ስለተሠሩ ልጆች በተከፈቱበት ቀን ጥለዋቸዋል። የሜጋ ድራይቭ ጨዋታዎች ግን በአብዛኛው በጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ስለመጡ ከነሣጥናቸው የተረፉት ብዙ ናቸው። ስለዚህ የተሟላ ስብስብ የሚፈልግ፣ በጀቱ ግን መካከለኛ የሆነ ሰው ከኒንቴንዶ 64 ይልቅ በሜጋ ድራይቭ ቢጀምር ያዋጣዋል። ለኒንቴንዶ 64 የተሟላ ቅጂ የሚከፈለው ትልቁ ድርሻ ለካርቶኑ ነው፤ ካርቶን ደግሞ ከሁሉም ክፍሎች ቀድሞ የሚጎዳው ነው። ለእኔ ለካርትሪጅ ዘመን ብቻውን ያለው፣ ለዲስክ ዘመን ደግሞ የተሟላው ይሻላል፤ ዲስክ ያለ ሣጥኑ መጠለያ የለውምና።

ያልተከፈተውን በተመለከተ፣ በሐምሌ 2021 አንድ ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ 64 በሄሪቴጅ ጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ያልተከፈተ ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ 870 ሺህ ዶላር አውጥቶ ነበር። ሱፐር ማሪዮ 64 በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች የተሸጠ ጨዋታ ነው፤ የተከፈለው ለጨዋታው ሳይሆን ላልተነካው ላስቲክ ነው። የዜልዳው ነገር ይበልጥ ያስቃል። ያ ካርትሪጅ በውስጡ ባትሪ አለው፤ ባትሪው ላስቲኩ ተከፈተም አልተከፈተም ያልቃል። ባለቤቱ ሊፈትሸው አይችልም፤ ሊቀይረውም አይችልም። በደረጃ ሰጪ ድርጅት ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ጨዋታ የአክሲዮን ወረቀት ነው፤ ዋጋው እንደሚወጣው ይወርዳል፣ ላስቲክ ደግሞ እንደገና ሊጠቀለል ይችላል። ለስብስብ ሳይሆን ለንግድ የሚገዛ ሰው ካልሆኑ ይለፉት።

የተጭበረበረ ቅጂ ዋናው መናኸሪያው ብቻቸውን የሚሸጡ ካርትሪጆች ናቸው፤ በተለይ የጌም ቦይ አድቫንስና የዲኤስ ፖኬሞኖች። አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ከመለያ ወረቀቱ ይልቅ ውስጡ ይናገራል። የኤንኢኤስ፣ የሱፐር ኒንቴንዶ፣ የኒንቴንዶ 64 እና የመጀመሪያው ጌም ቦይ ካርትሪጆች በአብዛኛው የሚከፈቱት በ3.8 ሚሊ ሜትር ልዩ መፍቻ ነው፤ ርካሽ ነውና ይግዙት። በትክክለኛው የጌም ቦይ አድቫንስ ካርትሪጅ ሰሌዳ ላይ፣ ከጥርሶቹ በላይ፣ የኩባንያው ስም ሳይከፈት ይታያል፤ መለያ ወረቀቱ ላይም በስሱ የተጫነ የቁጥር ምልክት በብርሃን ሲያዘነብሉት ብቅ ይላል። ባትሪ ሊኖረው የሚገባ ካርትሪጅ ውስጡ ባትሪ ከሌለ ወይም ቺፑ በጥቁር ሙጫ ከተደፋበት ይጠርጥሩ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስኮች ታቻቸው ጥቁር ነው፤ የተቀዳ ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል። በ1990 ለኒንቴንዶ ዓለም አቀፍ ውድድር ተሠርተው 90 ግራጫና 26 ወርቃማ ብቻ እንዳሉት ዓይነት ካርትሪጅ ካጋጠመዎት ደግሞ ያለ ባለሙያ አይንኩት፤ ሰው ሁሉ ስሙን ስለሚያውቀው አስመሳዩም ብዙ ነው።

ስለ ክልል፣ ማለት ጨዋታው ስለተሠራለት አገር፣ በአጭሩ። ጌም ቦይና ጌም ቦይ አድቫንስ የየትም አገር ካርትሪጅ ይቀበላሉ፤ ለመጀመር ከሁሉ ያነሰ ራስ ምታት አላቸው። የጠረጴዛ ኮንሶሎች ግን እንደየአገሩ ቴሌቪዥን በ60 እና በ50 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት) ተከፋፍለዋል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ጨዋታ ሳይስተካከል ወደ 50 ኸርዝ ሲዛወር በ17 በመቶ ገደማ ዝግ ይላል፤ በፍጥነቱ የታወቀው የ1991 ሶኒክ በአውሮፓ የተንፏቀቀው በዚህ ነው። ምርጫ ካለዎት 60 ኸርዙን ይግዙ፤ ቴሌቪዥንዎ መቀበሉን አስቀድመው ያረጋግጡ።

በምን ይጫወቱት?

የጥንቱ ኮንሶል ከጨዋታው ቀድሞ ያረጃል። በ1990 የወጣው የሴጋ ጌም ጊር ካፓሲተሮቹ ፈሳሻቸውን በማፍሰሳቸው የታወቀ ነው፤ ድምፁ የቀነሰ፣ ምስሉ የደበዘዘ ጌም ጊር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጠይቀው ያንኑ ጥገና ነው። የ2001 ኤክስቦክስ ሰዓቱን የሚያቆየው ካፓሲተር በአብዛኞቹ ቅጂዎች ላይ እየፈሰሰ ዋናውን ሰሌዳ ይበላል፤ ኮንሶሉ ያለ እርሱም ስለሚሠራ ተነቅሎ መጣል አለበት። ያልተከፈተና ያልተመረመረ ኤክስቦክስ «እንደ አዲስ» ተብሎ ቢቀርብልዎ ይህን ይጠይቁ።

የጥንቱን ኮንሶል የሚተኩ ሁለት መንገዶች አሉ። ኤፍፒጂኤ በሚባለው ቺፕ የሚሠሩ መሣሪያዎች የድሮውን ኮንሶል የኤሌክትሪክ ዑደት በዚያ ቺፕ ላይ እንደገና ያዋቅሩታል፤ አናሎግ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው እውነተኛ ካርትሪጅ ይቀበላሉ፣ ሚስተር የተባለው የበጎ ፈቃድ ፕሮጀክት ደግሞ ብዙ ኮንሶሎችን በአንድ ሰሌዳ ያሰባስባል። ኢሙሌተር ይህንኑ በፕሮግራም ያደርገዋል፤ ርካሽና ምቹ ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። የጨዋታ ፋይሎችን ስለ መቅዳትና ስለ ማውረድ ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ የራስዎን ያረጋግጡ።

ካርትሪጅ ለሚሰበስብ ሰው እኔ የምመርጠው ካርትሪጁን የሚቀበለውን የኤፍፒጂኤ መሣሪያ ነው፤ ከዘመኑ ቴሌቪዥን ጋር ይግባባል፣ አሮጌውም ኮንሶል ያርፋል። አንድ ነገር ግን አይተካም። የብርሃን ጠመንጃ ጨዋታዎች፣ ለምሳሌ ደክ ሀንት፣ የተሠሩት ለባለ ቱቦው ቴሌቪዥን በመሆኑ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ጠመንጃው ምንም አያይም። ለእነርሱ ሲባል ከባዱን ቴሌቪዥን መሸከም ግድ ነው፤ ወገብዎን ይጠይቁ።

አቀማመጥ

ክፍት መደርደሪያ ወይስ የተዘጋ ሣጥን? መደርደሪያ አየር ያዘዋውራል፤ ያለዎትንም ስለሚያዩ ይጫወቱታል። ጠላቱ ብርሃን ነው። የፀሐይ ጨረር የሣጥኑን ጀርባ ያነጣዋል፤ ቀይ ቀለም ቀድሞ ይሄዳል፣ ፊት ለፊቱ ደማቅ ሆኖ ጀርባው የገረጣ ሣጥን በየገበያው የሚታየው ለዚህ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ብርሃንና አቧራ ይከለክላል፣ እርጥበትን ግን አብሮ ያስቀራል። በዝናብ ቀን የታሸገ ሣጥን ዝናቡን ይዞ ይከርማል። ሲሊካ ጄል መጨመር ይረዳል፤ ግን እርጥበት ጠጥቶ ስለሚጠግብ በየጊዜው ካልደረቀ ወይም ካልተቀየረ ጌጥ ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ቢያስገቡና ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል ቢያቆዩት መልካም ነው። ተራ የእቃ ማሸጊያ ካርቶን ከሁለቱም ያንሳል፤ እርጥበት ይስባል፣ ነፍሳት ይወዱታል፣ አሲድም አለው።

ከዕቃ መያዣው ይልቅ የክፍሉ ምርጫ ይበልጣል። ከጣሪያ ሥር ያለ ቦታ በቀን ይግላል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ምድር ቤት ይረጥባል። መስኮት የሌለው የውስጥ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ቁም ሣጥን ከሁለቱም ይሻላል። ሙቀቱ ዝቅ ማለቱ ጥሩ ነው፤ አለመዋዠቁ ግን ይበልጥ ይጠቅማል፣ የዲስክ ንጣፎችን የሚያላቅቀው ደጋግሞ መስፋትና መጨማተር ነውና።

ዲስኮች ከነሣጥናቸው ይቁሙ፤ ተነባብረው ከተኙ የሥረኛው ሣጥን ይሰነጠቃል፣ ዲስኩም ይጎብጣል። የካርቶን ሣጥኖችም ይቁሙ፤ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተው፣ ተጣብቀው የተደረደሩ ሲጎተቱ ጠርዛቸው ይላጣል። ካርትሪጅ ቢተኛም ቢቆምም ግድ የለውም፤ ጥርሶቹ አቧራ እንዳይጠጡ መሸፈኛ ይኑረው እንጂ። ዲስክን በወረቀት ከረጢት ማኖር ይቅር፤ በገባና በወጣ ቁጥር ይፋቃል።

ግልጽ የፕላስቲክ መከላከያ ሽፋን ሲገዙ የተሠራበትን ይጠይቁ። ፒኢቲ የተባለው ፕላስቲክ አሲድ የለውም፣ አይጣበቅም። ፒቪሲ ግን ለማለስለሻ የተጨመረበትን ኬሚካል እያደር ስለሚያወጣ ከካርቶኑ ቀለም ጋር ይጣበቃል፤ ርካሽ ሽፋን ውድ ሣጥን የሚያበላሸው እንዲህ ነው። ሽፋኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሊጠብቀው የመጣውን ማዕዘን ራሱ ያጎብጠዋል። በአንዳንድ የድሮ ዲስክ ሣጥኖች ውስጥ ዲስኩን እንዲደግፍ የተደረገ ስፖንጅ አለ። ስፖንጅ ሲያረጅ እንደ ዝፍት ይሆንና ዲስኩ ላይ ይጣበቃል፤ ዛሬውኑ አውጥተው ይጣሉት። ጎማ ቀለበትና ፕላስተርም ከማንኛውም ሣጥን ይራቁ።

ባትሪ የሚወስዱ መሣሪያዎች ሲቀመጡ ባትሪያቸው ይውጣ። የመጀመሪያው ጌም ቦይ አራት ተራ ባትሪ ይይዛል፤ ከፈሰሱ መገናኛውን ይበሉታል። የድሪምካስት ማስታወሻ ካርድ ሁለት ክብ ባትሪ አለው። ዳግም የሚሞላ ባትሪ ያላቸው ደግሞ እንዳያብጡ በየጊዜው ይታዩ።

ወደ ቢጫ የተለወጠ የኮንሶል ፕላስቲክ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ፕላስቲኩ እሳት እንዲቋቋም በተጨመረበት የብሮሚን ውሕድ ላይ ብርሃንና ጊዜ ሲሠሩበት የሚመጣ ነው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በጨረር ማንጣት ይቻላል፤ ቢጫው ግን ሊመለስ ይችላል፣ ያልተስተካከለ ጠቃጠቆም ሊተው ይችላል። እኔ ብጫ ሆኖ የሚሠራውን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ መቅዳት። የራስዎን ካርትሪጅና ዲስክ ይዘት ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳት ካሰቡ ከዲስኮቹ ይጀምሩ፤ እርጅናቸው የማይመለስ እነርሱ ናቸው። ቀጥለው ባትሪ ያላቸውን ካርትሪጆች የተቀመጠ ሂደት፣ ከዚያ የቀረውን። ቅጂው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ሬደምፕና ኖ-ኢንትሮ የተባሉ የኢንተርኔት መዝገቦች፣ የመጀመሪያው የዲስኮችን፣ ሁለተኛው የካርትሪጆችን የፋይል መለያ ቁጥር መዝግበው ይዘዋል፤ የእርስዎ ቁጥር ከእነርሱ ጋር ከገጠመ ዲስክዎ አሁንም ጤነኛ ነው፣ ካልገጠመ ደግሞ ዓይን ያላየውን ጉድለት አገኙ ማለት ነው። ቅጂውን በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች፣ ቢቻል በተለያየ ቤት ያኑሩ። የዕቃዎትን ዝርዝር ሲጽፉ ከስሙና ከዋጋው አጠገብ ባትሪው የተቀየረበትን ዓመትና ዲስኩ መጨረሻ የተፈተሸበትን ቀን ይጨምሩ፤ ከሣጥኑ ፎቶግራፍ ጋር።